የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሙያ ምርጫና የእኛ ድርሻ



የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሲቃረብ በየአጥቢያችን የምናየው ነገር አለ። ተማሪዎች ከቅዳሴ በኋላ እስክርቢቷቸውን ይዘው ካህኑ እንዲባርክላቸው ይሰለፋሉ፤ እናቶች ስለት ይሳላሉ፤ የልጆች የክርስትና ስም በቁራጭ ወረቀት እየተጻፈ በጸሎት እንዲታሰብ ወደ ቤተ መቅደስ ይገባል። ይህ የሚነቀፍ አይደለም፤ የሥራን መጀመሪያ በእግዚአብሔር ፊት ማቅረብ ከአባቶቻችን የተቀበልነው ሥርዓት ነውና። ነገር ግን ያው ልጅ ከሁለት ዓመት በፊት 10ኛ ክፍልን ጨርሶ የተፈጥሮ ሳይንስን ወይም የማኅበራዊ ሳይንስን ሲመርጥ ማን አማከረው ብለን ብንጠይቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው መልስ «ጓደኞቹ ወደ ሄዱበት ሄደ» የሚል ነው። ለፈተናው ተጸለየ፤ ፈተናው ወዴት እንደሚያደርስ የሚወስነው ምርጫ ግን ሳይጸለይበትም ሳይመከርበትም አለፈ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ወላጆች፣ የንስሐ አባቶችና የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በሙያ ምርጫቸው እንዴት ሊረዱ እንደሚችሉ ማመልከት ነው። የሥራ ጉዳይ የዓለም ጉዳይ ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ድርሻ ስለ ነፍስ ማስተማር ብቻ ነው የሚል ቢኖር የአባቶችን ታሪክ ያስተውል። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያና ቅዱስ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት በአቴና የዘመናቸውን ትምህርት ጠንቅቀው ተምረዋል፤ ቅዱስ ባስልዮስ ወጣቶች ከግሪካውያን መጻሕፍት እንዴት ሊጠቀሙ እንደሚገባቸው የሚያስረዳ ራሱን የቻለ ድርሳን ጽፎላቸዋል። በቂሣርያ ለሕሙማንና ለድሆች ያቋቋመውም መጠለያ ሐኪምና ባለሙያ የሚሻ እንጂ በመልካም ምኞት ብቻ የሚንቀሳቀስ አልነበረም። ደግሞም ሰው ነቅቶ ከሚያሳልፈው ጊዜ የሚበዛውን የሚያውልበትን ነገር ከነፍሱ ለይቶ ማየት አይቻልም። በሥራው የሚዋሸውም፣ በሥራው የሚማረረውም፣ በሥራው ባልንጀራውን የሚያገለግለውም ያው እሑድ የሚያስቀድሰው ምእመን ነው።

የልጁ ጸጋ ምንድን ነው?

ስለ ሙያ ሲነሣ ብዙ መምህራን የመክሊቱን ምሳሌ (ማቴ. 25፥14-30) ይጠቅሳሉ፤ ተገቢም ነው። ብዙ ጊዜ ሳይብራራ የሚታለፈው ግን ጌታቸው መክሊቱን የሰጣቸው ለእያንዳንዱ እንደ ዐቅሙ መሆኑ ነው። ለሁሉም አምስት አምስት አልሰጠም። ሁለት የተቀበለውንም ለምን አምስት አላተረፍህም ብሎ አልወቀሰውም፤ ሁለት አትርፎ በመጣ ጊዜ አምስት ያተረፈው የሰማውን ያንኑ የምስጋና ቃል ሰማ እንጂ። እኛ ግን ሁለት የተሰጠውን ልጅ አምስት ከተሰጠው የጎረቤት ልጅ ጋር እያነጻጸርን ስናሳድገው በእጁ ያለውን ሁለቱንም እንዲቀብር እናደርገዋለን።

በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 31 የምናገኘው ባስልኤልም ለዚህ ጉዳይ ከመክሊቱ ምሳሌ ባልተናነሰ ይጠቅመናል። የምስክሩን ድንኳን እንዲሠራ እግዚአብሔር በስሙ የጠራው ይህ ሰው ነቢይም ካህንም አልነበረም፤ በወርቅ፣ በብር፣ በናስ፣ በዕንቍና በእንጨት የሚሠራ ባለ እጅ ነበር። መንፈሰ እግዚአብሔር የሞላበትም ለዚሁ ለእጁ ሥራ እንደ ሆነ በዚያው ተጽፏል። ሙሴ ሊቀ ነቢያት ሲሆን ድንኳኑን እኔ ልሥራው አላለም። ኤልያብ ረዳት ሆኖ ተሰጠ፤ መፍተል የሚያውቁ ሴቶችም የፈተሉትን ይዘው መጡ (ዘፀ. 35፥25)። አንድ መቅደስ ለመቆም ይህን ሁሉ ልዩ ልዩ ሙያ ፈለገ።

ታዲያ የልጅን ጸጋ በምን እናውቃለን? ከሁሉ አስቀድሞ በማየት ነው። የትምህርት ቤት ውጤት አንድ ምልክት ነው፤ ብቸኛው ምልክት ግን አይደለም። ልጁ ማንም ሳያዝዘው የሚያደርገው ምንድን ነው? ሲደክመው እንኳ የማይተወው የትኛውን ነው? የተበላሸ ሬዲዮ ፈትቶ ካልገጠመ እንቅልፍ የማይወስደው አለ። የታናሽ እኅቱን የቤት ሥራ ሲያስረዳ ድምፁ የሚለወጥ፣ ትዕግሥቱ የሚበዛ አለ። አልጋ የያዘች አያቷን ሳትጸየፍ የምታጥብ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ የምታስታውስ ልጅ አለች። የሰንበት ትምህርት ቤቱን የወር መዋጮ አንዲት ብር ሳያዛንፍ የሚይዝ፣ ለጉዞ አውቶቡስ ሲከራይ ከሹፌሩ ጋር የሚደራደር አለ። እነዚህን ነገሮች በተጨናነቀ ክፍል የሚያስተምር መምህር ላያያቸው ይችላል። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርና ወላጅ ግን በየሳምንቱ ያዩአቸዋል፤ አይተው ዝም ይላሉ እንጂ። ለልጁ «ይህን ስትሠራ አይቼሃለሁ፤ መልካም አድርገህ ትሠራዋለህ» ብሎ መንገር ራሱ ታላቅ ምክር ነው። ብዙ ወጣቶች የተሰጣቸውን ጸጋ የማያውቁት የነገራቸው ስለሌለ ነው።

በዚህ ረገድ የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ለዘመናዊው ትምህርት ቤት የሚያስተምሩት ነገር አላቸው። ተማሪው ከፊደልና ከንባብ ተነሥቶ ዳዊት ይደግማል፤ ዜማውንና ቅኔውን ይማራል። ከዚያ በኋላ ግን መንገዱ ይከፈላል። አቋቋም የሚሄድ አለ፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሚሄድ አለ፤ ቅዳሴ የሚያስመሰክር አለ፤ መጻሕፍት ቤት ገብቶ ብሉይን ወይም ሐዲስን፣ ሊቃውንትን ወይም መጻሕፍተ መነኮሳትን የሚያደላድል አለ። ድጓ ለማስመስከር ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ለማስመስከር ዙር አባ፣ ለቅዳሴ ደብረ ዓባይ ወይም ሰለልኩላ ይኬዳል። ድምፁ ለዜማ ያልተመቸ፣ ምሥጢር ለመመርመር ግን የተባ አእምሮ ያለው ደቀ መዝሙር የትርጓሜ መምህር ሲሆን «ወደቀ» የሚለው የለም። ደግሞም ዝም ብሎ አይሄድም። ከዚያ ጉባኤ ቤት የመጡትን ይጠይቃል፤ የመምህሩን ጠባይ፣ የአገሩን ውርጭ፣ የዕለት እህሉን ነገር፣ ትምህርቱ የሚፈጀውን ዘመን ያጣራል፤ ከዚያ በኋላ አኮፋዳውን አንግቶ ይነሣል። አንድ የአሥራ አምስት ዓመት የቆሎ ተማሪ ጉባኤ ቤት ለመምረጥ የሚያደርገውን ማጣራት ያህል ዛሬ የከተማ ልጆቻችን ለዩኒቨርሲቲ ምርጫ ያደርጉ ይሆን? እጠራጠራለሁ።

መንገዱን ማወቅ

ጸጋውን ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ መንገዱንም ማወቅ ያሻል። ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ መፈጸሚያ እንዳለው ወጪውን እንዲያስብ አስተምሯል (ሉቃ. 14፥28)። ቃሉ ስለ ደቀ መዝሙርነት የተነገረ ቢሆንም፣ ምሳሌው የተወሰደው ግን ማንኛውም አስተዋይ ሰው ከሚያደርገው ነገር ነው። ተቀምጦ ማሰብ የእምነት ጉድለት አይደለም።

በአሁኑ ሥርዓተ ትምህርት 9ኛና 10ኛ ክፍል ሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት ይማራል፤ ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ ግን ይለያያል። የማኅበራዊ ሳይንስን የመረጠ ተማሪ ወደ ሕክምና፣ ወደ ፋርማሲ፣ ወደ ምሕንድስና የሚወስደውን በር በዚያው ቀን ዘግቷል። ሕግ፣ ኢኮኖሚክስ፣ የሒሳብ አያያዝ ወይም የታሪክ ጥናት የሚስማማው ልጅ ደግሞ «ጎበዝ ተማሪ ናቹራል ነው የሚገባው» ተብሎ ፊዚክስና ኬሚስትሪን ለሁለት ዓመት ተሸክሞ በፈተናው ቢወድቅ፣ ጥፋቱን በስንፍናው ላይ ብቻ መጣል ፍርድ ማጓደል ነው። የማኅበራዊ ሳይንስ የሰነፎች ማረፊያ ነው የሚለው አስተሳሰብ ሥር እንዲሰድ፣ ለብዙ ዓመታት መንግሥት ከዩኒቨርሲቲ ቅበላው 70 በመቶውን ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶውን ለማኅበራዊ ሳይንስ መመደቡ የራሱ ድርሻ ሳይኖረው አልቀረም። ዳኛ፣ መምህር፣ የታሪክ ተመራማሪ፣ የባንክ ሠራተኛ የሚወጣው ግን ከዚያው ከተናቀው ወገን ነው።

በ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ መደበኛው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሚያልፉት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ናቸው። ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪም ወዲያው ሐኪም ወይም መሐንዲስ ለመሆን አይጀምርም፤ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርቶችን ይወስዳል፤ የሚገባበት የትምህርት ክፍል የሚወሰነውም በፍላጎቱ ብቻ ሳይሆን በዚያ ባመጣው ውጤት ጭምር ነው። «ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ አለቀለት» ብለው ክትትላቸውን የሚያቆሙ ወላጆች ይህን ቢያውቁ መልካም ነው፤ ብዙ ልጅ ያሰበው የሚበላሽበት ያ የመጀመሪያው ዓመት ነውና። በመጨረሻም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከመመረቅ በፊት የመውጫ ፈተና አለ። ስለዚህ ምርጫው በአንድ ቀን ቅጽ ተሞልቶ የሚያልቅ አይደለም፤ ቢያንስ ሦስትና አራት ጊዜ መንታ መንገድ ላይ ያቆማል፤ በእያንዳንዱ ላይ ምክር ያስፈልጋል።

ከዚህም በላይ ሊታወቅ የሚገባው የሙያው ስም ሳይሆን የሙያው ውሎ ነው። ልጆቻችን የሐኪምን ነጭ ካባ ያውቃሉ፤ የሌሊት ተረኝነቱን፣ የሚሞት በሽተኛ ቤተሰብ ፊት መቆሙን አያውቁም። መሐንዲስ ማለት በቢሮ ሥዕል መንደፍ ይመስላቸዋል፤ መንገድ በሚሠራበት በረሃ በድንኳን ማደሩ አይታያቸውም። የሒሳብ ባለሙያ የበጀት ዓመቱ በሚዘጋበት በሰኔ መጨረሻ ከቤቱ ይልቅ በመሥሪያ ቤቱ እንደሚያመሽ የሚነግራቸው የለም። ሕግ የሚማር ሰው ከመናገሩ ይልቅ ማንበቡ እንደሚበዛ አልሰሙም። ይህ ሁሉ የሚነገራቸው እንዲፈሩ ሳይሆን፣ ድካሙን አውቀው «ይህን እችለዋለሁ» ብለው እንዲገቡበት ነው።

ለኦርቶዶክሳዊ ተማሪ የሚጨመርም ጥያቄ አለ። አንዲት ነርስ እሑድ ጠዋት ተረኛ ስትሆን ከቅዳሴ መቅረቷ አይቀርም። ይህ አስቀድሞ ሊነገራት ይገባል፤ አብሮም ጌታችን በሰንበት ቀን ድውያንን እንደ ፈወሰ፣ በሽተኛን ጥሎ መሄድ ጽድቅ እንደማይሆን፣ ተረኛ ባልሆነችበት ቀን ግን ከቤተ ክርስቲያን እንዳትለይ ልትመከር ይገባል። በሌላ በኩል ሐሰተኛ ደረሰኝ ሳይሠሩ፣ ጉቦ ሳይቀበሉ መቆየት ፈተና የሚሆንባቸው የሥራ ቦታዎች አሉ። ሙያው ክፉ ሆኖ ሳይሆን ልማዱ ስለ ተበላሸ ነው። ልጁ ወደዚያ ሲገባ ምን እንደሚጠብቀው ከንስሐ አባቱ ጋር መነጋገሩ «ስደርስበት አስብበታለሁ» ከማለት ይሻላል።

«ሐኪም ወይም ኢንጂነር»

ብዙ ወላጅ ለልጁ የሚመኘው ከሁለትና ከሦስት የሙያ ስሞች አያልፍም። ምኞቱ ከፍቅር የመነጨ ነው፤ ደክሞ ያሳደገ ሰው ልጁ እንዳይደክም ቢመኝ አይፈረድበትም። ችግሩ የሚመጣው የአባትየው ያልተፈጸመ ምኞት የልጁ ዕዳ ሲሆን ነው። ለሕክምና ያልተፈጠረ ሰው በግድ ሐኪም ቢሆን የሚጎዳው ራሱ ብቻ አይደለም፤ በእጁ የሚወድቀው በሽተኛም ጭምር ነው። ወላጅ መምከር፣ የሚያውቀውን መንገር፣ የገንዘብ ዐቅሙን በግልጽ ማሳወቅ ይገባዋል፤ ልጅም አባቱን እናቱን ሊሰማ ይገባል። ከዚህ አልፎ «ይህን ካልተማርህ ልጄ አይደለህም» ማለት ግን ምክር መሆኑ ቀርቷል።

የእጅ ሙያን በተመለከተ ከወላጆች ምኞት የሚከፋ ነገር አለብን፤ ንቀት። በአገራችን ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን፣ ሸክላ ሠሪውን መስደብ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበር ለመረዳት፣ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር መድረሳቸውን ማስታወስ ይበቃል። በእኛ ዘንድ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ መስቀሉንና ጽናጽሉን የሠራው ቀጥቃጭ፣ ልብሰ ተክህኖውን የሸመነው ሸማኔ፣ ብራናውን ያዘጋጀው ፋቂ ነውና። በሠሩት እየተገለገልን እነርሱን «ቡዳ» ስንል ኖረናል። ጌታችን በአገሩ ሰዎች ዘንድ ጸራቢ ተብሎ ተጠርቷል (ማር. 6፥3)፤ ቅዱስ ጳውሎስ በገማልያል እግር ሥር የተማረ ሊቅ ሲሆን በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ ይሠራ ነበር (ሐዋ. 18፥3)።

ያ ንቀት ዛሬ መልኩን ቀይሮ በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ላይ ዐርፏል። ቴክኒክና ሙያ የሚገባ ልጅ በቤተሰቡ ዘንድ እንደ ተረፈ ሰው ይታያል። የመኪና ጥገና፣ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ፣ የብረታ ብረት፣ የልብስ ስፌት፣ የምግብ ዝግጅት ሥልጠናዎች ግን በደረጃ የተከፋፈሉ ናቸው፤ ሠልጣኙ ሲጨርስ «ሲኦሲ» በሚባለው የብቃት ምዘና ይመዘናል፤ ከአንዱ ደረጃ ወደሚቀጥለው እያደገ የሚሄድበትም መንገድ አለ። በከተሞቻችን የታመነ የቧንቧ ሠራተኛ ወይም የኤሌክትሪክ ባለሙያ ፈልጎ ያጣ ሰው የዚህን ሙያ ዋጋ ለመረዳት ሌላ ማስረጃ አያሻውም። እጁ ለሥራ የሚፈጥን ልጅ ሲኖረን ወደዚህ መንገድ መምራት ያለብን ሌላው ሁሉ ሲያቅተው ሳይሆን አስቀድመን፣ በክብር ነው።

እዚህ ላይ ሳልጠቅሰው የማላልፈው አንድ ነገር አለ። ቤተ ክርስቲያንን የሚወድዱ፣ ካህን ሲያዩ ተንበርክከው የሚሳለሙ፣ ልጃቸው ግን «ዲያቆን ሆኜ ልቅር፤ አብነት ትምህርት ቤት ልግባ» ሲላቸው ፊታቸው የሚጠቁር ወላጆች ጥቂቶች አይደሉም። የአገልጋዮችን ኑሮ አይተው ነው፤ ሥጋታቸውም መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ነገር ግን የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የሌሎች ልጆች ብቻ ዕጣ እንዲሆን መመኘት አይገባም። ቀለሙንና ዘመናዊውን ትምህርት አስተባብረው የያዙ፣ ጠዋት ቀድሰው በሥራ ሰዓታቸው በሙያቸው የሚያገለግሉ ካህናትና ዲያቆናት አሉን። ልጁ ከእነርሱ ከአንዱ ጋር ቁጭ ብሎ እንዲነጋገር ማድረግ «አይሆንም» ብሎ ከመዝጋት የተሻለ ነው።

ያላለፈው ልጅ

የሙያ ምክር ስንል ብዙ ጊዜ የምናስበው ያለፈውን ተማሪ ነው። ቁጥሩ ግን ሌላ ይናገራል። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ማለት በሰንበት ትምህርት ቤታችን አንድ መቶ ተፈታኞች ቢኖሩ፣ በዚሁ መጠን ከተሰላ ዘጠና አምስት ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት «ወደቅሁ» ብለው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ናቸው። የዚህ ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ፣ የትምህርቱ ጥራት ነው ወይስ ሌላ የሚለው ክርክር የራሱ ቦታ አለው። እኛን የሚመለከተን ግን እነዚህ ልጆች የእኛ ልጆች መሆናቸው ነው። ለእነርሱ ያዘጋጀነው ቃል ምንድን ነው?

ብዙ ጊዜ የሚነገራቸው የቅዱስ ያሬድ ታሪክ ነው። በሕፃንነቱ ትምህርት እንዳልገባው፣ መምህሩ አባ ጌዴዎን እንደ ገረፈው፣ ሸሽቶ ከዛፍ ሥር ሲቀመጥ ደጋግማ እየወደቀች በመጨረሻ ከላይ የደረሰችውን ትል አይቶ እንደ ተመለሰ ሁላችንም ሰምተናል። ታሪኩ ግን «ደግመህ ተፈተን» ለማለት ብቻ መጠቀሻ ሲሆን ይጠባል። ቅዱስ ያሬድ ከትሏ የተማረው ትዕግሥትን ነው፤ እግዚአብሔር ደግሞ በትዕግሥቱ ላይ ማንም ያላሰበለትን የዜማ ጸጋ ጨመረለት። ልጁ ሰነፍ የተባለበት ቦታና ጸጋው የተገለጠበት ቦታ የተለያዩ ሊሆኑ እንደሚችሉ ከዚህ እንማራለን። ደግሞ መፈተን ለአንዱ ልጅ ትክክለኛ ምክር ነው፤ ለሌላው ግን ሦስተኛ ዓመቱን በከንቱ ማስፈጀት ይሆናል። የትኛው ለየትኛው እንደሚሆን ለመለየት ልጁን ማወቅ ያስፈልጋል።

ከፊቱ ያሉትን መንገዶች በስማቸው ዘርዝሮ ማሳየትም ይገባል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሪሜዲያል የሚባለው የአቅም ማሻሻያ መርሐ ግብር አለ፤ የተወሰነ ውጤት ያመጡ ተማሪዎች ተምረውና ተፈትነው ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡበት ነው። በግል ተመዝግቦ እንደገና መፈተን አለ። ቴክኒክና ሙያ አለ። ከአንድ ባለሙያ ሥር ሆኖ ሙያ መልመድ፣ ወይም ቤተሰቡ በያዘው እርሻና ንግድ ውስጥ ኃላፊነት ወስዶ መሥራት አለ። እነዚህን የሚያሳየው ሰው ያጣ ልጅ ቀድሞ የሚደርስለት ደላላ ነው። ስንት እኅቶቻችን ውጤት በወጣበት ወር ልባቸው ተሰብሮ ሳለ በተነገራቸው ጣፋጭ ቃል ተስበው፣ ውሉን ሳያነቡ ወደ ዐረብ አገር እንደ ሄዱ በየአጥቢያው የምናውቀው ነው። መሄድን ራሱን ኃጢአት ማድረጌ አይደለም፤ ሳይመክሩና በኀዘን ውስጥ ሆኖ መወሰኑን ግን እፈራለታለሁ።

ወላጆች ሆይ፣ ውጤት በሚወጣበት ሳምንት ልጃችሁን ብቻውን አትተዉት። የወጣበትን ወጪ አትቍጠሩበት፤ የጎረቤቱን ልጅ ስም አታንሡበት። ማዕድ አብራችሁ ቍረሱ፤ ስለ ቀጣዩ መንገድ የሚነገረው ጥቂት ቀናት ቢቆይ አይጎዳም። ስለታችሁ አልሰመረም ብላችሁም እግዚአብሔርን አትውቀሱ፤ በልጁም ፊት እንዲህ ያለ ቃል አታሰሙ። ልጁ ፈጣሪው እንደ ጣለው አድርጎ ሊያስብ ይችላልና።

ከፈተናው በፊት ስለሚደረጉ ሁለት ነገሮችም በአጭሩ። ወደ ጠንቋይና ደብተራ ነኝ ባይ ሄዶ «የሚያስታውስ» ክታብ ማሠር አምልኮ ባዕድ ነው። የተሰረቀ የፈተና መልስ መግዛት ደግሞ ስርቆት ነው፤ ገንዘቡን የሰጠው ወላጅ ከሆነ ደግሞ ስርቆቱን ያስተማረው እርሱ ነው።

አጥቢያው ምን ማድረግ ይችላል?

በከተማ ባለ አንድ አጥቢያ እሑድ የሚያስቀድሱትን ብንቈጥር ሐኪሙ፣ ጠበቃው፣ መምህሩ፣ የባንክ ሠራተኛው፣ ሹፌሩ፣ ነጋዴው፣ የኮምፒውተር ባለሙያው፣ ግንበኛው በአንድ ቅጥር ይገኛሉ። ከእነርሱ የምንጠይቀው ብዙ ጊዜ ለሕንጻ ማሠሪያ ገንዘብ ነው። ዕውቀታቸውን ግን አልጠየቅናቸውም። የሰንበት ትምህርት ቤቱ በወር አንድ እሑድ ከትምህርተ ወንጌል በኋላ አንዱን ባለሙያ ጋብዞ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ካሉት ተማሪዎች ጋር ለአንድ ሰዓት ቢያወያይ ትልቅ ነገር ነው። ተጋባዡ ስለ ስኬቱ ንግግር እንዲያደርግ አይደለም፤ ለጥያቄ መልስ እንዲሰጥ ነው። ተማሪዎቹም ጥያቄውን አስቀድመው ያዘጋጁ፦ የትናንት ውሎህ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ይመስል ነበር? ከሥራህ የሚያሰለችህ የትኛው ነው? እዚህ ለመድረስ ስንት ዓመት ፈጀ፤ ቤተሰብህስ ምን ከፈለ? በሁለተኛ ደረጃ ሳለህ የትኛው ትምህርት በኋላ ጠቀመህ? ጾምና ጸሎትህን በሥራ ቦታ እንዴት ትጠብቃለህ? ከዚያ በኋላ ፍላጎት ያሳየ ተማሪ በክረምት ለጥቂት ቀናት ወደ ሥራ ቦታው ሄዶ እንዲያይ ቢፈቀድለት፣ ከብዙ ስብከት የማይገኝ ትምህርት ያገኛል።

በገጠር አጥቢያዎች ይህን ያህል ባለሙያ አይገኝ ይሆናል። ሆኖም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የግብርና ባለሙያው፣ የትምህርት ቤቱ መምህራን፣ የወረዳው ፍርድ ቤት ሠራተኛ አሉ። ዩኒቨርሲቲ ገብተው በግቢ ጉባኤ የሚማሩ የአጥቢያው ልጆችም ለክረምት ሲመለሱ መዝሙር እንዲያስጠኑ ብቻ ሳይሆን፣ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ምን እንደሚመስል፣ የትምህርት ክፍል ምርጫ እንዴት እንደሚደረግ ለታናናሾቻቸው እንዲያስረዱ ሊደረግ ይገባል። ትናንት ያለፈበት ሰው የሚሰጠው ምክር ትኩስ ነው።

ሴቶች ተማሪዎችን በተመለከተ ከምክሩ በፊት የሚቀድም ነገር አለ፤ ጊዜ። ወንድሟ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ሲያጠና እርሷ እንጀራ ስትጋግር፣ ውኃ ስትቀዳ፣ እንግዳ ስታስተናግድ አምሽታ በእኩል ፈተና የምትቀመጥ ልጅ ስለ ሙያ ምርጫ ብንመክራት ምን ትመርጣለች? የቤቱ ሥራ ለወንዱም ይከፈል። ለውይይቱም ሴቶች ባለሙያዎች ይጋበዙ፤ ልጃገረዶቹ የማይጠይቋቸውን ጥያቄዎች ለእነርሱ ይጠይቃሉ።

ስለ አገልግሎት ጫናም እንነጋገር። የሰንበት ትምህርት ቤት አመራሮች ጎበዝና ታዛዥ የሆነውን ተማሪ እናውቀዋለን፤ ለመዝሙሩም፣ ለሥነ ጽሑፉም፣ ለጉዞውም፣ ለበዓል ዝግጅቱም የምንጠራው እርሱኑ ነው። 12ኛ ክፍል ሲደርስ እምቢ ማለት አይችልም፤ እምቢ ማለቱ የእምነት መቀዝቀዝ ይመስለዋል። ለእንደዚህ ዓይነቱ ልጅ «እስከ ፈተናው ድረስ ቅዳሴህንና ጸሎትህን አታስታጉል፤ ሌላውን እኛ እንሸፍናለን፤ ጥናትህም አገልግሎትህ ነው» ብሎ ማሰናበት ያለበት ራሱ አመራሩ ነው። ልጁ እስኪጠይቅ ሊጠበቅ አይገባም።

የንስሐ አባቶች ድርሻ ከሁሉ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ልጁ ለወላጁ ያልነገረውን ለእነርሱ ይነግራል። አንዳንድ ልጆች «የእግዚአብሔር ፈቃድ የትኛው እንደ ሆነ ይንገሩኝ» ብለው ይመጣሉ፤ ሕልም ወይም ምልክት የሚጠብቁም አሉ። አባት የልጁን ምርጫ ለልጁ መርጦለት ቢሰድደው ልጁ ይቀልለው ይሆናል፤ ነገር ግን ፈቃደ እግዚአብሔርን መፈለግ ማለት ከማሰብ ማረፍ አይደለም። ሱባዔ ይያዝ፤ በሱባዔው ውስጥ ግን የተሰጠውን ይመርምር፤ ያሉትን መንገዶች ይጻፍ፤ የሚያውቁትን ይጠይቅ። ከዚያም አባቱ «ይህን ሙያ ለምን ፈለግኸው? በእርሱስ ማንን ልትጠቅምበት ታስባለህ?» ብለው ይጠይቁት። «ገንዘብ ስላለው» ቢል አይደነግጡ፤ እናቱን ከጉልት ንግድ ለማሳረፍ የሚያስብ ልጅ ገንዘብ ቢፈልግ ክፉ አላሰበም። በዚያው ላይ ውይይቱን ይቀጥሉ።

ይህን ለመጀመር የተለየ በጀት አይጠይቅም። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት አንድ ደብተር ከፍቶ በአጥቢያው ያሉትን ባለሙያዎች ስም፣ ሙያና የሚመቻቸውን ቀን ይመዝግብ፤ በሌላው ገጽ ላይ ደግሞ በዚህ ዓመት 10ኛ ክፍል ያሉትን ተማሪዎች ስም ይጻፍ። የ12ኛ ክፍሎቹ ሁልጊዜ ይታወሳሉ፤ ማንም ሳያያቸው የመጀመሪያውን መንታ መንገድ የሚያልፉት የ10ኛ ክፍሎቹ ናቸውና ከእነርሱ ይጀመር።